ጴጥሮስ በሆሳዕና

በሀዲያዋ ሆሳዕና ወይም በከምባታዋ ዱራሜ የተማሪዎች ስም ሲጠራ ማዳመጥ የሚገባው ከመጨረሻው ነው። የአያት ስም ብዙውን ጊዜ እንደ ላሬቦና ዴሌቦ ያለ የአገሬው ስም ነው። ወደ አባትና ወደ ልጅ ሲመጣ ግን ጴጥሮስ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ ይበዛል።

ጴጥሮስ መጀመሪያ ቅጽል ስም ነበር። የዮና ልጅ ስምዖን «ኬፋ» ትባላለህ ተባለ፤ ኬፋ በአራማይክ ዐለት ነው። ግሪኮች ያንኑ በቋንቋቸው «ጴጥሮስ» አሉት፣ እንግሊዞች ደግሞ ፒተር። በግዕዝ ጰ የተሰኘው ፊደል በአብዛኛው ከውጭ ለመጡ እንዲህ ላሉ ቃላት ያገለግላል። ለሀዲያ ጆሮ ግን ድምፁ እንግዳ አይደለም፤ የታሪክ ጸሐፊውን የላጲሶ ጌ. ዴሌቦን ስም ልብ ይሏል።

የክርስትና ስም በአካባቢው አዲስ አይደለም። የሀዲያው ገዥ ልጅ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆና እሌኒ ተብላለች። ከተማዋም ራሷ ዋቸሞ መባሏ ቀርቶ ሆሳዕና የተባለችው፣ እንደሚነገረው፣ በራስ አባተ ቧያለው ዘመን ነው። የክርስትናን ስም ወደየገጠሩ ያዳረሱት ግን ከ1920 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገቡት የወንጌል ሚሲዮኖችና የካቶሊክ ካህናት ናቸው።

እዚህ ላይ ጴጥሮስ ከሌሎች ይለያል። ገብረ ጊዮርጊስ ወይም ተክለ ሃይማኖት ከተባለ ሰውዬው ከኦርቶዶክስ ቤት መወለዱን መገመት አይከብድም። ጴጥሮስን ግን ኦርቶዶክሱ ሐምሌ 5 ከጳውሎስ ጋር ያከብረዋል፤ ለካቶሊኩ የመጀመሪያው የሮም ጳጳስ ነው፤ የወንጌላዊቷ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ምእመንም ከመጽሐፍ ቅዱሱ ያገኘዋል። ስለዚህ ከስሙ ቤተ ክርስቲያኑን ማወቅ አይቻልም። እንግሊዝ አገር እንዲህ አልሆነም። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮም ሲለዩ ፒተር የጳጳሱን ወንበር የሚያስታውስ ስም ሆነና ተወዳጅነቱ ቀነሰ። ስሙን ዳግም ካነሡት ነገሮች አንዱ በ1904 እ.ኤ.አ. ለንደን የታየው «ፒተር ፓን» የተባለ የልጆች ቴአትር መሆኑ ይገርማል።

በአገራችን ደግሞ ጣሊያኖች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የረሸኗቸው አቡነ ጴጥሮስ ለስሙ የሰማዕትነት ክብር ጨምረውለታል። ፖለቲከኛውን ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስን የሚያውቅ ደግሞ ስሙን ከሀዲያ ፖለቲካ ጋር ያያይዘዋል።

ዛሬ ከሆሳዕናና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። ከመካከላቸው ጴጥሮስ የተባለ ቢኖር ጆሃንስበርግ ላይ ሞክሼ አያጣም፤ ፒተርም ፔትሩስም እዚያ ሞልተዋል።