አምስት ከሦስት ሁልጊዜ ይበልጣልን?



«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። እኔም ባለፈው ዓመት ለቤታችን ኮምፒዩተር ለመግዛት ከአባቴ ጋራ በሄድሁ ጊዜ ይህን ተረት አልረሳሁትም ነበር። ነጋዴውን ጠረጠርሁት፤ ዕቃውን ጠረጠርሁት፤ ዋጋውንም ጠረጠርሁት። ያልጠረጠርሁት አንድ ነገር ቢኖር የራሴን ዕውቀት ነው። በዚህ ምክንያት የደረሰብንን ጉዳትና ከጉዳቱም በኋላ ያገኘሁትን ትምህርት ለጓደኞቼ፣ ለመምህሮቻችንና ለወላጆች ለማካፈል ብዬ ይህችን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ነገሩ እንደሚከተለው ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ታላቅ እኅቴ ደግሞ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ እያቀናበረች ቤታችንን ትረዳለች። ትሠራበት የነበረው ኮምፒዩተር ስለ ተበላሸ፣ አባቴ ከስፌታቸው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው፣ እኔን አስከትለው ወደ ገበያ ወጡ። በገባንበት ሱቅ ሁለት ኮምፒዩተሮች ተመለከትን። በአንደኛው ላይ «ኮር አይ 5»፣ በሁለተኛው ላይ «ኮር አይ 3» የሚል ምልክት ተለጥፏል። ነጋዴውም ባለ ሦስቱ አዲስ ስለ ሆነ ዋጋው ከባለ አምስቱ ከፍ እንደሚል፣ ለቪዲዮ ሥራም የሚሻለው እርሱ እንደ ሆነ ነገረን። አባቴ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ የተማርኸው አንተ ነህ፤ የትኛውን እንውሰድ?» አሉኝ። እኔም በልቤ «አምስት ከሦስት እንደሚበልጥ የአንደኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ያውቃል፤ ይህ ሰው ሊያታልለን ነው» ብዬ ባለ አምስቱን እንዲገዙ መከርኋቸው። ብልጠቴ ገንዘብ ያተረፈላቸው መስሎኝም እየኮራሁ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ስሕተቴ ታወቀ። እኅቴ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቅዳሜ ጠዋት ለማስረከብ ቀጠሮ ሰጥታ ነበር። ዓርብ ማታ የማቀናበሩን ሥራ ጨርሳ፣ ቪዲዮው አንድ ወጥ ፋይል ሆኖ እንዲወጣ ኮምፒዩተሩን አዘዘችው። ብዙ ሰዓት ፈጀ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ፤ መብራቱ ሲመጣም ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። ባለ ሠርጎቹ በቀጠሯቸው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ኋላም ከዋጋው ግማሹን ቀንሰው ከፈሉ። እኅቴ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። እኔ ግን ፊቷን ቀና ብዬ ለማየት አፈርሁ። ስለዚህ የሁለቱን ኮምፒዩተሮች ልዩነት አጥብቄ ለመመርመር ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ፕሮሰሰር ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ፕሮሰሰር የኮምፒዩተር አንጎል ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የተሰጠውን ትእዛዝ እየተቀበለ የሚያሰላ፣ የሚያነጻጽርና ውጤቱን የሚመልስ ከጥፍር ብዙ የማይበልጥ የሲሊኮን ቁራጭ ነው። ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ያቀረበው 4004 የተባለው የመጀመሪያው ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ብቻ ነበሩት። ዛሬ በየቤታችን ያሉት ግን የሚቈጠሩት በሺህ ሳይሆን በቢሊዮን ነው።

እኛ የገዛነው ፕሮሰሰር ሙሉ ስሙ ኮር አይ 5-3470 ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በሱቁ ትተነው የመጣነው ደግሞ ኮር አይ 3-12100 ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በመካከላቸው የዐሥር ዓመት ልዩነት አለ ማለት ነው። ሁለቱንም የሠራቸው ኢንቴል ነው፤ ሁለቱም አራት አራት ኮር አላቸው። ኮር ማለት በአንዱ ፕሮሰሰር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ነው። መነሻ ፍጥነታቸውም የአሮጌው 3.2 ጊጋኸርዝ፣ የአዲሱ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው «ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ስለ አጨዳ በማሰብ ነው። ጊጋኸርዝ የሚነግረን ፕሮሰሰሩ በአንድ ሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ ነው እንጂ፣ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ አይደለም። ሁለት አጫጆች በአንድ ማሳ ላይ ተሰልፈው ማጭዳቸውን በደቂቃ እኩል ጊዜ ቢሰነዝሩ፣ አንዱ ግን በእያንዳንዱ ስንዘራ የሚይዘው ጭብጥ ከሌላው የሚበልጥ ቢሆን፣ ማሳውን ቀድሞ የሚጨርሰው ማን ነው? ባለ ትልቁ ጭብጥ እንደ ሆነ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። አዲሱ ፕሮሰሰርም እንዲሁ በአንድ ምት ብዙ ትእዛዝ ያነሣል። ከዚህም ሌላ ሥራ ሲበዛበት አሮጌው እስከ 3.6 ጊጋኸርዝ ብቻ ሲፈጥን፣ አዲሱ እስከ 4.3 ይደርሳል። ሁለቱ ነገሮች ሲደመሩ የአዲሱ አንድ ኮር የአሮጌውን ኮር ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው ልዩነት በቅርብ የሚቀመጠው ማስታወሻ ነው፤ ይህም ካሽ ይባላል። አንዲት ወጥ ሠሪ ጨውና በርበሬ በምድጃዋ አጠገብ ካለላት ሥራዋ አይቋረጥም። ለእያንዳንዱ ቁንጥር ጨው ወደ ጎተራ የምትመላለስ ከሆነ ግን ወጡ ያርራል። ለፕሮሰሰር ጎተራው ራም ሲሆን፣ የምድጃው አጠገብ ደግሞ ካሽ ነው። ኮሮቹ በጋራ የሚጠቀሙበት ካሽ በአሮጌው 6 ሜጋ ባይት፣ በአዲሱ 12 ሜጋ ባይት ነው። ወደ ጎተራው የሚወስደው መንገድም ሰፍቷል። አሮጌው ዲ ዲ አር 3 በተባለው ራም በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋ ባይት ሲያመላልስ፣ አዲሱ በዲ ዲ አር 4 እስከ 51.2 ጊጋ ባይት ያመላልሳል።

ሦስተኛው ልዩነት፣ በአዲሱ ፕሮሰሰር እያንዳንዱ ኮር ሁለት የሥራ መስመር በአንድ ጊዜ መያዙ ነው። ብልህ ወጥ ሠሪ አንዱ ድስት እስኪፈላ ቆማ አትጠብቅም፤ በሁለተኛው ድስት ሽንኩርቷን ታቁላላለች። አዲሱም በዚህ ዘዴ በአራት ኮር ስምንት መስመር ሲሠራ፣ የእኛ አይ 5 ግን ከአራት መስመር አያልፍም።

እንግዲህ ነገሩን በወሬ ብቻ ላለመተው በተግባር ለመፈተን ፈለግሁ። የአጎቴ ልጅ ያለው ኮምፒዩተር በሱቁ ከተውነው ጋራ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ስላለው፣ አንድ እሑድ ይዞልን መጣ። ፍርዱ እንዳይዛባ በማለት ለሁለቱም እኩል 8 ጊጋ ባይት ራም አደረግንላቸው፤ በእኛው ላይ የነበረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክም አውጥተን እንደ አዲሱ ኤስ ኤስ ዲ ገጠምንለት። ከዚያ በኋላ አንዱን የሠርግ ቪዲዮ በሁለቱም ላይ ጫንን፤ ስሌቱንም ፕሮሰሰሩ ራሱ ብቻ እንዲሠራው አዘዝን። እኅቴ ቡና ታፈላ ስለ ነበር አቦሉ ሲቀዳ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አስጀመርናቸው። አዲሱ ቶናው ሳይቀዳ ጨረሰ። አሮጌው ግን የጨረሰው በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ሲታጠብ ነበር። እኅቴም ይህን አይታ፣ «ያን ሌሊት በዚህ ብሠራ ኖሮ መብራቱ ሳይጠፋ እተኛ ነበር» አለች።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ለማወቅ ወደሚጓጉበት ወደ ጌም ልለፍ። በጌም ጊዜ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ምን እንደሚያደርግና ሕጉ ምን እንደሚል የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። ሥዕሉን የሚሥለውና ቀለም የሚቀባው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ጌሙ ሳይንቀጠቀጥ እንዲታይ በሰከንድ 60 ሥዕል ያስፈልጋል ብንል፣ ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ 17 ያህሉ ብቻ ነው። ከሁለቱ ሠራተኞች አንዱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልጨረሰ ሌላው ምንም ቢፈጥን ሥዕሉ ይዘገያል።

የአጎቴ ልጅ ግራፊክስ ካርዱን አውጥቶ በተራ በሁለቱም ላይ ገጠመልን። ቀለል ባለ የኳስ ጨዋታ ላይ በዐይናችን የምናየው ልዩነት አልነበረም። ብዙ ሰውና ብዙ መኪና በሚተራመስበት የከተማ ጨዋታ ላይ ግን አሮጌው ሕዝቡ በበዛበት ስፍራ እየተንገጫገጨ ሲያስቸግር፣ አዲሱ በደኅና አለፈው። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ መፈተኛ ልንገራችሁ። ጌሙ ሲዘገይባችሁ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርጉት። ፍጥነቱ ከጨመረ ድካሙ የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ካልጨመረ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፕሮሰሰሩ ነው። ይህን ሳይፈትን ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ራሱን ታሞ እግሩን እንደሚታከም ይቈጠራል።

ይህን ሁሉ ስናገር አሮጌው ፕሮሰሰር ዋጋ የለውም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመመዝገብ፣ ለማንበብና ትምህርታዊ ፊልም ለመመልከት ዛሬም ይበቃል። እንዲያውም ኤስ ኤስ ዲ ከገጠምንለት ቀን ጀምሮ ሲከፈት የነበረው መጓተት በጣም ስለ ቀነሰ፣ ከዝግታው ብዙው የሃርድ ዲስኩ እንጂ የፕሮሰሰሩ እንዳልነበር ተረድተናል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ሁለተኛ፣ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን በቦታው መተካት አይቻልም። የአሮጌው መቀመጫ 1,155፣ የአዲሱ 1,700 መገናኛ ስላላቸው፣ ማዘርቦርዱም ራሙም አብረው መለወጥ አለባቸው።

ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ፣ መልሱ በስሙ ላይ ተጽፎ ሳለ ሳላነበው መቅረቴ ነው። በአይ 5-3470 ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 3 ሦስተኛ ትውልድ ማለት ነው። በአይ 3-12100 ላይ ያለው 12 ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛ ትውልድ ማለት ነው። አይ 3 እና አይ 5 የሚለው ማዕረግ የሚያገለግለው በአንድ ትውልድ ያሉትን እርስ በርሳቸው ለማስተያየት እንጂ፣ አያትን ከልጅ ልጅ ጋራ ለማመዛዘን አይደለም። ነጋዴው እውነቱን ነግሮን ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ከተረዳሁ በኋላ ወደ አባቴ ቀርቤ ስሕተቴን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። እርሳቸውም መርፌያቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔ የስፌት መኪና ስገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው ሸማ ነው ወይስ ካፖርት የምሰፋበት ብዬ ነው። አንተ እኅትህን የምትሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ ጠይቀሃት ነበርን?» አሉኝ። አልጠየቅኋትም ነበር። በዚያን ጊዜ ለጌም ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ከአንድ ዓመት በላይ ያጠራቀምሁት ጥቂት ገንዘብ ነበረኝ። እርሱን አውጥቼ፣ አባቴና እኅቴም ጨምረውበት፣ አይ 3-12100 ከነማዘርቦርዱና ከነራሙ ተገዛ። አሮጌው ኮምፒዩተር ከአባቴ የስፌት ክፍል ገብቶ የደንበኞቻቸው ልክ ይመዘገብበታል፤ ማታ ማታም እኔና ታናሽ ወንድሜ እናጠናበታለን። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍሁት በእርሱው ላይ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ወላጆቻችን «የተማርኸው አንተ ነህ» ወይም «የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብለው ሲጠይቁን፣ በእጃቸው ያለው ገንዘብ የስንት ቀን ድካም እንደ ሆነ እናስብ። የማናውቀውን ነገር «አላውቅም፤ ጠይቄ ልምጣ» ማለት አያሳፍርም። መጀመሪያ ሥራውን እንጠይቅ፤ ቀጥሎ ትውልዱን እናንብብ፤ የኮሩን፣ የመስመሩንና የካሹን ብዛት እንመልከት፤ ዋጋውንም ከዚያ በኋላ እንከራከር። አምስት ከሦስት የሚበልጠው የሚቈጠረው ነገር አንድ ዓይነት የሆነ እንደ ሆነ ነው።