አገር ያወቀው ሞት መዝገብ ላይ ሲጠፋ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ ወይም ዓለም ከተማ ሄዶ የአባቱን የሞት ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «መዝገብ ላይ የሉም» የሚል ነው። የሰውየው ሞት ግን አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው፤ ለቅሶ ተደርሷል፣ ፍትሐት ተፈትቷል፣ ተዝካር ወጥቷል። ለውርስ፣ ለጡረታ፣ የመሬት ደብተር ለማዛወር ይህ ሁሉ አይበቃም፤ ወረቀት አምጣ ይባላል።

ነገሩ ሥር አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፉ ደነገገ፤ ይሁን እንጂ የዚያው ሕግ ቁጥር 3361 ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ መዝገቡ ሥራ እንዳይጀምር አቆየው። ቆይታው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን በፊት የሞተ የመንዝ ወይም የግሼ ገበሬ ስሙ ቢታጣ፣ መጀመሪያውኑ ስላልተጻፈ ነው።

ያም ሆኖ ደጋው ሙታኑን የሚቆጥርበት የራሱ መንገድ ነበረው። የመንዝ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወርድ ስለነበር፣ ድርሻዬን የሚል ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ በሽማግሌ ፊት ይቆጥር ነበር። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ልጅ ሳይተካ እንዳለፈ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ሙግት ይረታ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቆጠራውም ጥቅሙን አጣ፤ በምትኩ የሚጻፍ መዝገብ ግን አልመጣም። በመካከሉ ያለፉት አርባ ዓመታት ናቸው ዛሬ ፈላጊውን የሚያስቸግሩት።

ከ2008 ወዲህ የሞተ ሰው ስም ከታጣ ግን ቶሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። መጀመሪያ ፊደሉን መለዋወጥ ነው። ኃይሉ የሚለው ስም ሀይሉ፣ ሐይሉ፣ ኀይሉ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ዓለሙና አለሙ፣ ሠይፉና ሰይፉ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ለአንባቢ አንድ የሆኑት ፊደላት ለኮምፒውተር ልዩ ልዩ ናቸው። ወልደ፣ ገብረና ኃይለ ደግሞ ወ/፣ ገ/፣ ኃ/ ተብለው ያጥራሉ። ቀጥሎ የሚታየው የክርስትና ስም ነው። መንደሩ ብርቄ የሚላቸው እናት ለንስሐ አባታቸው ወለተ ሥላሴ ናቸው፤ አስመዝጋቢው የትኛውን እንደተናገረ አይታወቅምና ሁለቱንም መፈለግ ያሻል።

ቀኑስ? ቤተሰብ ቁጥሩን ቢረሳ በዓሉን አይረሳም። አርባቸው የወጣው በጥቅምት መድኃኔ ዓለም ነው ከተባለ፣ ጥቅምት 27 አርባኛው ቀን ነው፤ ወደኋላ ሲቆጠር መስከረም 18 ላይ ይደርሳል፣ የመስቀል ማግስት። ጎረቤት «በመስቀል ማግስት ነው የቀበርናቸው» ካለ ቀኑ ተገኘ ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው፣ ድግሱ እህል እስኪገባ ሊገፋ ስለሚችል የፍትሐቱን ቀን ለይቶ መጠየቁ ላይ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድም ይጠንቀቅ፦ ታኅሣሥ 25 ቀን 1998 ዓ.ም. በፈረንጅ ጃንዋሪ 3 ቀን 2006 ነው፤ 7 ብቻ ደምሮ 2005 ብሎ የጻፈ ሰው በተሳሳተ ዓመት ሲፈልግ ይኖራል።

ቦታውም ያሳስታል። የመንዝ ሰው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ሆስፒታል አርፎ ለቀብር ወደ አገሩ ደብር ይመጣል፤ የመርሐቤቴውም ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል ታክሞ ይሞትና ቆላ ወርዶ ይቀበራል። ስለዚህ የኖረበትን ቀበሌም የሞተበትንም መጠየቅ፣ የሆስፒታሉን የሞት ማስታወቂያም መፈለግ ነው።

ሕጉ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ የማስመዝገብ ግዴታው በቅድሚያ የሚወድቀው አብሮ በኖረው ሰው ላይ ነው። እኔ ይህ ሸክም ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ቤተሰብ ብቻ መተው የለበትም ባይ ነኝ። የእድሩ ዳኛና የደብሩ ካህን እያንዳንዱን ቀብር ያውቃሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎች በየመቃብር ቦታው ያሉ ጸሐፊዎችን ይዘው ቀብርን በመመዝገብ የከተማዋን ሞት ማጥናት ችለዋል። ቀበሌ የደጋውን ካህናትና እድሮች በዚሁ መንገድ ቢይዝ ብዙ ስም ከመጥፋት ይድን ነበር።

ጭራሽ ላልተጻፈ ሞት፣ ቀበሌው ለነባር ክስተት የሚያደርገው ምዝገባ አለ፤ ወራሾች ደግሞ ምስክር ይዘው ፍርድ ቤት በመቅረብ የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ። ከሁሉም የሚከብደው ሬሳው ያልመጣ ዘማች ጉዳይ ነው። ወሬው ለ2 ዓመት ከጠፋ ዘመዶቹ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 መሠረት የመጥፋት ውሳኔ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ልጄ በሕይወት ይመጣል ብላ ደጅ ደጁን የምታይ እናት ግን ያን ማመልከቻ እንድትፈርም ማግባባት የዘመድ አዝማድ ሥራ ነው፣ ዓመታትም ይወስዳል።