የሰባቱ ቀናት ምላጮች

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ይሠሩ ከነበሩት የጢም መላጫ ዕቃዎች መካከል፥ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚሹት የሰባት ምላጮች ማኅደር ነው። በአንድ ሣጥን ሰባት ምላጮች ይደረደራሉ፤ በእያንዳንዱም ጀርባ ላይ የአንድ ቀን ስም ተቀርጿል። ስለት ሲያርፍ ይታደሳል የሚል እምነት ስለ ነበረ፥ አንዱ ሲሠራ ስድስቱ ያርፋሉ።

የጥበቡ መሠረት ብረቱ ነው። ቤንጃሚን ሐንትስማን በ1740ዎቹ ዓመታት አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ አንድ ወጥ ስላደረገው፥ ቀጭንና ጽኑ ስለት ለማውጣት ተቻለ። አንጥረኛው የቀጠቀጠውን ምላጭ ሌላው ባለሙያ በሚሽከረከር ድንጋይ ጎኖቹን ጎድጎድ አድርጎ ይስለዋል፤ ሦስተኛው ከዝሆን ጥርስ፥ ከቀንድ ወይም ከኤሊ ቅርፊት እጀታ ያበጅለታል። ኪንግ ካምፕ ጂሌት በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘበት፥ ሲዶለዱም የሚጣለው ምላጭ ከተስፋፋ በኋላ ግን፥ ማኅደሩ ከዕለት ተግባር ወደ ሰብሳቢ መደርደሪያ ተዛወረ።

ሰብሳቢው ከውበቱ ይልቅ ሊጠነቀቅለት የሚገባው የዕቃው ምስክርነት ነው። ምላጭ በተሳለ ቍጥር ስፋቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የአንዱ ቀን ምላጭ ከሌሎቹ ጠብቦ ቢገኝ፥ ባለቤቱ በዚያ አዘውትሮ እንደ ተጠቀመ ያመለክታል። ዕቃውን አዲስ ለማስመሰል አጥብቆ የሚወለውል ወይም የጎደለውን ከሌላ ማኅደር የሚያሟላ ሰው ይህን ማስረጃ ይደመስሳል። የሠሪውን እጅ ማድነቅ የሚሟላው፥ የተጠቃሚው እጅ የተወው ምልክትም ሳይነካ ሲቈይ ነው።