የስዊድን የጥላቻ ንግግር ሕግ እና ጾታዊ ዝንባሌ

የስዊድን የወንጀል ሕግ ምዕራፍ 16 አንቀጽ 8 በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በትውልድ አገር፣ በጎሣ ወይም በሃይማኖት ተለይቶ በሚታወቅ የኅብረተሰብ ክፍል ላይ ዛቻ ወይም ንቀት የሚገልጽ መልእክት ማሰራጨትን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 ጀምሮ ጾታዊ ዝንባሌ በዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ይህ ማሻሻያ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ከጥላቻ ንግግር መጠበቅና ሐሳብን በነጻነት መግለጽ የት ላይ እንደሚገናኙ የሚያሳዩ ሁለት ታዋቂ ክሶችን አስከትሏል።

የፓስተር ኦኬ ግሪን ጉዳይ

የጴንጤቆስጤ ፓስተር የሆነው ኦኬ ግሪን በ2003 በኦላንድ ደሴት ባቀረበው ስብከት ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን ኅብረተሰቡን ከያዘ የነቀርሳ እጢ ጋር አመሳሰለ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በ2004 የአንድ ወር እስራት ፈረደበት፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በነጻ አሰናበተው። የስዊድን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በኖቬምበር 2005 ነጻ መባሉን አጸና። ንግግሩ በሕጉ ቃል ሲታይ ንቀት የሚገልጽ ቢሆንም፣ ፓስተሩን መቅጣት የሃይማኖትንና ሐሳብን የመግለጽን ነጻነት ከሚያስከብረው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት ጋር እንደሚጋጭ ፍርድ ቤቱ ገልጿል።

የበራሪ ወረቀቶቹ ጉዳይ

በዲሴምበር 2004 ጥቂት ወጣቶች አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው 100 ያህል በራሪ ወረቀቶችን በተማሪዎች የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥኖች ውስጥና ላይ አኖሩ። ወረቀቶቹ ኤችአይቪን በማስፋፋት ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ይወነጅሉ ነበር። በዚህ ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 ጥፋተኛ አላቸው። ተከሳሾቹ ዓላማችን ክርክር ማስነሳት ነበር ቢሉም፣ ወረቀቱ ያለ በቂ ምክንያት ሰውን የሚያዋርድ እንደሆነና ተማሪዎቹም አንቀበልም የማለት ዕድል እንዳልነበራቸው ጠቅሷል።

ጉዳዩ «ቬይደላንድ እና ሌሎች በስዊድን ላይ» በሚል ስም ወደ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 9 ቀን 2012 መብታቸው እንዳልተጣሰ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በጾታዊ ዝንባሌ ምክንያት የሚደረግ መድልዎ በዘር ወይም በቀለም ከሚደረገው እንደማያንስ፣ ንግግርም በቀጥታ ለጥቃት ባይጠራ እንኳ ጎጂ ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል። ሆኖም ከዳኞቹ መካከል በውጤቱ የተስማሙት በከፍተኛ ማመንታት መሆኑን በተለየ ጽሑፍ ያሰፈሩ ነበሩ።

የሁለቱ ክሶች ልዩነት

ሕጉም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አንድ ሆነው ውጤቱ ተለያየ። ፓስተሩ የተናገረው በራሱ የአምልኮ ቦታ፣ ሊሰሙት ለመጡ ምእመናን ነው። ወረቀቶቹ ግን ሳይጠየቁ ለታዳጊ ተማሪዎች ተሰጡ፣ ያደረሷቸውም ሰዎች ከትምህርት ቤቱ ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም። ስለዚህ ፍርድ ቤቶች የሚመዝኑት የተነገረውን ቃል ብቻ ሳይሆን የት፣ ለማንና እንዴት እንደተነገረም ጭምር ነው።