ቪዲዮ ዴክ ስላለው ሰው

በጎንደር ከተማና በሰሜን ደጋ አገር ሲዲና የእጅ ስልክ ከመጡ ወዲህ ቪዲዮ ዴክ የሚያጫውት ሰው እየጠፋ ሄዷል። ሆኖም ካሴቱን መጣል ያስጨንቃል፤ የሠርግ፥ የክርስትና፥ የጥምቀት በዓል ምስል፥ ያረፉ ወላጆችም ድምፅ በውስጡ ይገኛልና።

የዚህ ካሴት ዴክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ጄቪሲ በሚባል የጃፓን ኩባንያ ተሠርቶ ወጣ። ፉናይ የሚባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያም በ2016 መሥራቱን አቆመ። ስለዚህ የተሰበረውን የሚተካ አዲስ ዴክ ከፋብሪካ አይመጣም። ክሩም ማግኔት የተቀባ ስለ ሆነ እርጥበትና ሙቀት ያበላሸዋል። ዩኔስኮም በ2019 ስለዚሁ ነገር ለቤተ መዛግብት ሁሉ ማስጠንቀቂያ አሰምቷል።

የአባቶቻችን ብራና ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም ዓይንና ብርሃን ካሉ ይነበባል፤ ካሴት ግን ዴክ ከሌለው ዲዳ ነው። በዓታ በአቋቋም ትምህርት ስመ ጥር በሆነችበት ከተማ የአንድ ሊቅ ዝማሜ በካሴት ላይ ቀርቶ ቢጠፋ፥ ጉዳቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው እንደ ውራጅ ዕቃ አይጣለው፤ ለጎረቤቱም ያውሰው። የአድባራት አለቆችና የመሥሪያ ቤት ሹማምንትም በዕቃ ቤታቸው ያለውን ካሴት አስመርምረው፥ ዴኩ ሳይሞት ወደ ኮምፒዩተር ማስገልበጥ ይገባቸዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።