የዱር አበባም ጎተራ አለው

እንጦጦ ማርያም ባለችበት የተራራ ሰንሰለት ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። የአገር ዕፅዋት ይጠበቁበታል። እኛስ በደጃችን ምን እንጠብቅ? የጅብ ሽንኩርትን እንውሰድ።

በዝናብ ጊዜ ነጭ አበባ ያወጣል። በበጋ ቅጠሉ ይደርቃል። ሞተ እንዳትሉ! ከመሬት በታች ራሱ አለ። ራሱ ጎተራው ነው። ጎተራውን የሚሞላው ቅጠሉ ነው። ቅጠሉን በለጋነቱ አትጨዱት። ጎተራው ባዶ ከሆነ ለከርሞ አበባ የለም።

ልትተክሉት ስትፈልጉ በአበባው ጊዜ አትንቀሉት። ቅጠሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከጎኑ የበቀሉትን ልጆች ውሰዱ፤ እናቲቱን በቦታዋ ተዉአት።

ተጠንቀቁ! ስሙ ሽንኩርት ቢሆንም መርዝ አለው። ከወጥ ሽንኩርት ጋር አታስቀምጡት። ለልጆችም ንገሩ።