ስለ ሂልዳና ስለ ጭራቁ

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሉክ ፒርሰን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ለሕፃናት ያወጣው መጽሐፍ ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል የሚናገር ነው። በሰሜን አውሮፓ ተረት የታወቀው ትሮል የተባለው ጭራቅ በዚህ መጽሐፍ ቀን ድንጋይ ይሆናል፤ ሲመሽ ይነቃል። ሂልዳ የተባለችውም ልጅ እንዲህ ያለ ድንጋይ በተራራ ላይ ባገኘች ጊዜ፥ ሲንቀሳቀስ እንድትሰማው ብላ ባፍንጫው ላይ ቃጭል አንጠለጠለችበት። ብልኀት ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ትሮል የሚናገረውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው አላነበበችውም ነበር። በኋላ ስትጨርሰው፥ የትሮል ጆሮ ድምፅ የማይችል ስለ ሆነ ቃጭል ማንጠልጠል ጭካኔ መሆኑን አወቀች። ጭራቁም በሌሊት ወደ ቤቷ የመጣው ሊበላት አልነበረም፤ ቃጭሉን አወለቀችለት።

በእኛ ተረት ጭራቅ ሰው በሊታ ነውና፥ ተማሪዎች ፍጻሜውን አስቀድመው ያወቁ ይመስላቸዋል። ስለዚህ መምህሩ ጭራቁ ከደጅ በደረሰበት ስፍራ ላይ ቆም ብሎ፥ «ምን ፈልጎ የመጣ ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቃቸው።